የቱ ይሻልሻል

ጋሼ ሸምሰዲን የእንጨት ሥራ ቤቱን በር ከኋላቸው ገርበብ አደረጉና ግራ ቀኙን ቃኙ። ከቦና በስተቀር ማንም አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ቦና፣ የምነግርህ ነገር እዚሁ ይቅር።”

ቦና ኮላ የነካ እጁን በቡትቶ እየጠረገ ቀና አለ። ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት የዲላ ነጋዴ ሱቁን ጥሎ አይንቀሳቀስም፤ ጋሼ ሸምሰዲን ደግሞ ለጁምዓ ሶላትና ለለቅሶ ካልሆነ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው የማይነቀሉ ሰው ናቸው።

“ምን ተፈጠረ ጋሼ? ደኅና አይደሉም?”

“ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የሳሎኑን ግድግዳ ሀዲጃ የወደደችውን አድርግልኝ። ዋንዛውን። ያንን የማያብረቀርቀውን።”

ቦና ጆሮውን ማመን አቃተው። እኚህ ሰው እኮ ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ ቆመው፣ “የማያብረቀርቅ ግድግዳ ለምኔ፣ ጭቃው ምን አለኝ” እያሉ ጎረቤት እስኪሰማ የተቆጡ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሸምሰዲንና እትዬ ሀዲጃ ከተጋቡ ጀምሮ፣ ድፍን ሃያ ስድስት ዓመት፣ የኖሩት ከሱቃቸው ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። አራት ልጅ እዚያች ውስጥ አሳድገዋል። ዘንድሮ ግን ወደ ወናጎ መውጫ ላይ ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት ሠርተው ጨረሱና፣ የሳሎኑን ዋና ግድግዳና ሁለቱን በሮች ቬኒር እንዲያለብስላቸው ቦናን ያዙት። ቬኒር ማለት እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የተላጠ እንጨት ነው፤ በቦርድ ላይ በኮላ ይለጠፋል፣ ተጭኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ለስልሶ ቫርኒሽ ይቀባል። ቦና ደብተር ደብተር የሚያካክሉ ስድስት ናሙናዎች አዘጋጅቶ ሰጣቸው። መስጠቱ ነው ጥፋቱ። ሁለት ወር ሙሉ ባልና ሚስት ስድስቷን ቁራጭ እያገላበጡ ከተማውን አመሱት።

ጋሼ ሸምሰዲን ናሙናዎቹን ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጋር ደርድረው፣ ሱቅ የገባ ሁሉ ጨርቅ ከማስለካቱ በፊት የትኛው እንደሚያምር እንዲናገር አደረጉ። እትዬ ሀዲጃ በበኩላቸው አንዱን በጥፍራቸው ቧጨሩት፣ አንዱን ዘይት አስነኩት፣ በአንዱ ላይ ትኩስ ሻይ አስቀምጠው ክብ ምልክት ይተው እንደሆነ ተጠባበቁ። አራቱ ወደቁ፤ ሁለት ቀሩ። አንደኛው የጋሼ ሸምሰዲን ነው፤ የተቆላ ቡና የመሰለ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ሁለተኛው የእትዬ ሀዲጃ ነው፤ ማር የመሰለ ዋንዛ፣ ባለሙያዎቹ “ማት” የሚሉት፣ ብርሃን የማይመልስ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ፍንክች አላሉም። የመጀመሪያ ልጃቸው የፈይዛ ኒካህ ደግሞ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ እንግዳው የሚቀመጠው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። ቦና በጊዜ እንዲጨርስ ዛሬውኑ መለጠፍ መጀመር አለበት።

“ታዲያ ለምን ራስዎ አይነግሯቸውም?” አለ ቦና።

“ብነግራትማ እምቢ ትላለች። ‘አዘንክልኝ እንዴ’ ብላ ጥቁሩ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። አንተ ጥቁሩ ከአዲስ አበባ ጠፋ፣ አልቋል በላት። ውሸቱ በእኔ ይሁን።”

“እርስዎ ግን ጥቁሩን...”

“ወድጄዋለሁ። ምን ይደረግ።” ጋሼ ሸምሰዲን የመጋዝ ብናኝ የለበሰውን በርጩማ ሳይጠርጉ ተቀመጡበት። “ስማኝ ቦና። ትናንት ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ይህች ሴት የለበሰችውን ቀሚስ በሙሉ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። መርጬ እንዳይመስልህ። ሳይሸጥ የቀረውን ነው የማመጣላት። ያ ገዢ የጠላው አረንጓዴ፣ ያ ዥጉርጉሩ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው ያለቀው። ሃያ ስድስት ዓመት ገዢ የጠላውን ስትለብስ አንድ ቀን አፏን ሞልታ ‘ይሄ ቀለም አስጠላኝ’ አላለችኝም። አሁን በስንት ዘመኗ አንድ ነገር ወደደች። እኔ ደግሞ ቆሜ እከራከራታለሁ።”

ተነሡና በሩን ከፈቱ። “ዋንዛው ይሁን” አሉ፤ ልብሳቸው በስተኋላ በብናኝ እንደነጣ መንገዱን ተሻግረው ሄዱ።

ቦና በሩ ላይ ቆሞ ሸኛቸው። ሆዱ ባባ። የባባው ግን ለእሳቸው ብቻ አልነበረም።

የቦና ሚስት ትንቢት ከቤት ከወጣች ዛሬ ሃያ አንድ ቀን ሆኗታል። ምክንያቱ፣ ለሰማ የሚያስቅ ለደረሰበት የማያስቅ፣ ቁም ሳጥን ነው። ቦና የሰው ቤት ሲያሳምር የራሱ ቤት ልብስ ስድስት ዓመት በካርቶን ኖረ። ትንቢት ስትጠይቀው “ሰሞኑን” ይላል። በመጨረሻ ሠራላት፤ ያውም ምን የመሰለ። ቀላ ያለ ቡኒ፣ ሦስት እጅ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ፊት የሚያሳይ። ለአራት ሰው አሸክሞ አስገባው። ትንቢት ዞር ዞር ብላ አየችውና “ጥሩ ነው” አለች። ያቺን “ጥሩ ነው” ሌላ ሰው ቢሰማት ይነቃ ነበር፤ ቦና ግን አልነቃም። ሳምንት ቆይታ፣ “ለደንበኛ ስድስት ናሙና ታዘጋጃለህ፤ ለእኔ አንድ እንኳ አምጥተህ የቱ ይሻልሻል አላልከኝም” አለችው። እሱም አፉ እንዳመጣለት፣ “አንቺ ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ?” አላት።

እንግዲህ ይህን ለቡሌ፣ ለዚያ ደጋ የጫካ አገር ልጅ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ አስቡት። ኮሶና ዝግባ ሥር የተወለደች፣ የቱ ዛፍ ለቋሚ የቱ ለማገር እንደሚሆን ከአባቷ ኋላ ኋላ እየዞረች ያደገች ሴት ናት። ትንቢት በማግስቱ የሦስት ዓመት ልጃቸውን አዝላ፣ “እናቴን ልያት” ብላ ቡሌ ወጣች። እስካሁን እያየቻት ነው።

ሲደውልላት ታነሣለች። “ደኅና ነን” ትለዋለች፤ ልጁን ታገናኘዋለች። “ቤትሽ ግቢ” ሲላት ግን ዝም ነው። ቢጨንቀው አገር የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ለመነ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ዳምጠው ሁለት ሰው ጨምረው ከነገ ወዲያ እሑድ ቡሌ ሊወጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ሦስት ሽማግሌ አባቷ ደጅ ቆሞ “ስለ እኛ ብለሽ” ካላት ትንቢት እምቢ ማለት አትችልም። አባቷ ያፍራል፣ እናቷ ታለቅሳለች፣ እሷም ልጇን አዝላ ትከተላለች። በዚህ ቦና እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ ስለሆነም ሰሞኑን እህል መብላት ጀምሯል።

ይኸው ስልኩ ጮኸ፤ አቶ ዳምጠው ናቸው።

“ቦና፣ የእሑዱ እንዳለ ነው። መኪናውን ይዘሃል አይደል?”

“ይዣለሁ አባባ።”

“በል አትጨነቅ። እናመጣታለን።”

“እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ቦና ወደ ሥራው ተመለሰ። የዋንዛውን ቬኒር አውጥቶ ገና መቁጠር ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሀዲጃ ናቸው። አንዱን ናሙና በፌስታል ጠቅልለው ሻርፓቸው ሥር ይዘዋል።

“ሸምሱ እዚህ መጥቶ ነበር?”

ቦና ዓይኑን ወደ ሥራው መለሰ። “በዚህ ሲያልፉ ሰላም ብለውኝ ነው።”

“ጥሩ።” እትዬ ሀዲጃም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከፌስታሉ ያወጡት ጥቁሩን፣ የሚያብረቀርቀውን ነበር። “ይሄን አድርግለት። ዋንዛው ተበላሽቶ መጣ በለው። ነቀዝ በልቶታል በለው፤ ያልከውን በለው። ብቻ እኔ አላልኩህም።”

ቦና የዋንዛውን ክምር በጀርባው ከለል አድርጎ ቆመ።

“እትዬ፣ ዋንዛውን እንዴት እንደሚወዱት ራሴ አይቻለሁ እኮ።”

“እወደዋለሁ። እንዴት አልወደውም።” ጥቁሩን ቁራጭ በመዳፋቸው አበስ አደረጉት። “ግን ያን ሰው አታውቀውም። ከስልጤ ወደ ዲላ ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ዕቃ ሊያደርስ ሄደ። የቤቱ በር ፊት ያሳይ ነበር። ከፋች እስኪመጣ እዚያ በር ላይ ራሱን ሲያይ ቆየ፤ አቧራ የለበሰ፣ ጫማው የተቀደደ። ‘ሀዲጃ፣ በሰው በር ላይ ራሴን አይቼ አፈርኩ፤ አንድ ቀን በራሴ በር ላይ አያለሁ’ ብሎ የነገረኝ በተጋባን ሳምንት ነው። ሁለተኛ አንሥቶት አያውቅም። እሱ የረሳሁት ይመስለዋል። አሁን እኔ ለማር ቀለም ብዬ ይህን ላሳጣው ነው?”

“ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?”

“ብነግረውማ እምቢ ይላል” አሉ እትዬ ሀዲጃ። “በል፣ በአላህ፣ እንዳትነግረው።”

ቦና “እሺ” አለ። ከዚህ ሌላ ምን ይበል? በዚህ ጠዋት ብቻ ሁለተኛው ምስጢር ነው።

እትዬ ሀዲጃ ሲወጡ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ሁለት ትእዛዝ፣ አንድ ግድግዳ። የአንዳቸውን ቢያደርግ የሌላውን ይክዳል። እዚህ ላይ ቦናን በደንብ እወቁት፤ ልበ ንጹሕ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ አንዲት በሽታ ግን አለችበት፤ ለሰው መምረጥ ይወዳል። ደንበኛ አፉን ሳይከፍት “ይሄ ይሻልዎታል” ማለት ልማዱ ነው። አሁንም ጥቂት እንደተቀመጠ ፊቱ በራ። ጋሼ ሸምሰዲን “ጥቁሩ አልቋል በል” ብለውታል። እትዬ ሀዲጃ “ዋንዛው ተነቅዟል በል” ብለውታል። ሁለቱም ከሌሉ ሦስተኛ ይኖራል ማለት ነው። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቡ የያዘው አንድ ቬኒር ነበረ፤ መካከለኛ ቡኒ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቫርኒሹ ቢቀባም ለስለስ ብሎ ብቻ የሚያበራ። እንደ ወረቀት ሉክ ያለ አሥራ አራት ቅጠል ጥግ ላይ ቆሞለታል። ማንም ማንንም አይወቅስም፤ ውሸቱንም ራሳቸው ነው ያስተማሩት።

አንዱን ቅጠል ቦርዱ ላይ ዘረጋና እርጥብ ጨርቅ አሳለፈበት። ቬኒር በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ ቫርኒሽ ሲቀባ የሚያወጣውን መልክ ያሳያል። አቤት ማማሩ። ቦና ኮላውን ከፈተ፣ ብሩሹን ነከረ። “ይኸው፣ ለእነሱ የሚሆነው ይሄ ነው” አለ ለራሱ። “እነሱ ድሮስ ስለ እንጨት ምን...”

አልጨረሰውም። የገዛ አፉን ሰማው።

ኮላው ከብሩሹ ጫፍ እየተንጠባጠበ ጫማው ላይ ሲያርፍ ቆሞ ቀረ። በጣም አፈረ። ብቻውን ስለነበረ ደግሞ የሚያመካኝበት ሰው አልነበረም። ብሩሹን አጠበ፣ ቆርቆሮውን ከደነ፣ ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሰ። ከጁምዓ በኋላ ለሁለቱም ደወለና ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ቤት እንዲመጡ ነገራቸው። ለአንዳቸውም ሌላው እንደሚመጣ አልነገራቸውም።

ሳሎኑ ባዶ ነበር፤ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። ቦና ሁለቱን ናሙናዎች ከመስኮቱ ትይዩ፣ ግድግዳው ሥር አስደግፎ ጠበቃቸው። ባልና ሚስት ተከታትለው ገብተው እርስ በርስ ሲተያዩ ሁለቱም ደነገጡ።

“ይቅርታ አድርጉልኝ” አለ ቦና። “ሁለታችሁም ምስጢር ሰጥታችሁኛል። መጠበቅ አልቻልኩም።” ከዚያ ጠዋት የሆነውን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ፣ ቀሚሱንም በሩንም ሳያስቀር ተናገረ።

 ጋሼ ሸምሰዲን ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ ሀዲጃ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ቦና የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እየሳቁ ነበር።

“ነቀዝ?” አሉ ጋሼ ሸምሰዲን ሳይዞሩ። “በአዲስ ቤቴ ነቀዝ አስገባሽብኝ?”

“አንተስ አልቋል አላስባልክም?”

“በሩን እስካሁን ታስታውሺዋለሽ?”

“እረሳዋለሁ ብለህ ነው? በል፣ ጥቁሩ ይሁን።”

“ወላሂ አይሆንም። ዋንዛው ነው።”

“ጥቁሩ ነው አልኩህ።”

“ሀዲጃ፣ አታድክሚኝ።”

ይኸውላችሁ፤ ጠቡ እንደገና ተጀመረ። አሁን ባል የሚስትን፣ ሚስትም የባልን ይዘው ነው እንጂ እልሁ ያው ነው። ቦና ሲያያቸው ሲያያቸው ደከመው።

“እትዬ፣ ሁለት ወር ሆነ እኮ። አይሰለችዎትም?”

እትዬ ሀዲጃ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። ባላቸውን ሳይሆን ቦናን እያዩ መለሱ።

“እውነቱን ልንገርህ? ዋንዛውን የመረጥኩት ናሙናውን ባመጣህልን በሦስተኛው ቀን ነው። ሻዩም ዘይቱም ሰበብ ነው። ቁርስ ላይ ‘ሀዲጃ፣ የቱ ይሻልሻል?’ ይለኛል። ሱቅ ሲዘጋም ይለኛል። ከተጋባን እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። ቶሎ ከመረጥኩ መጠየቁን ያቆማል ብዬ ፈራሁ።”

ጋሼ ሸምሰዲን ቀስ ብለው ከመስኮቱ ዞሩ። ሚስታቸውን አዩ፣ ባዶውን ሳሎን አዩ።

“መጋረጃው ገና ነው እኮ” አሉ። “መጋረጃው አልተመረጠም። ምንጣፉም።”

እትዬ ሀዲጃ ጠጋ ብለው ከባላቸው ካፖርት ጀርባ የጠዋቱን የመጋዝ ብናኝ በእጃቸው ማራገፍ ጀመሩ።

ቦና ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ትንቢትን በሐሳቡ አያት፤ ያን ቁም ሳጥን ዞር ዞር ብላ ስታይ፣ “ጥሩ ነው” ስትል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደላት። ስድስት ዓመት አንድ ጥያቄ። ናፈቀችው።

“በል እንግዲህ” አሉ ጋሼ ሸምሰዲን። “እኛማ አንስማማም። ባለሙያው አንተ ነህ። አንተ ቁረጠውና ይለይልን። ያልከውን እንቀበላለን።”

“እውነቱን ነው” አሉ እትዬ ሀዲጃ። “አንተ ምረጥልን።”

መልሱ ቦና ምላስ ላይ ነበር። መካከለኛው ቡኒ፣ መስመሩ ቀጥ ያለው። ደግሞ አስቡት፤ ሁለቱም ይወዱት ነበር።

“አልመርጥም” አለ። “ስትስማሙ ሰኞ ጠዋት ንገሩኝ። እንቅልፍ አጥቼም ቢሆን ለፈይዛ ኒካህ አደርሳለሁ።”

“ዛሬ ካልተጀመረ አይደርስም አላልክም? ለምን እስከ ሰኞ?” አሉ ጋሼ ሸምሰዲን።

“ቡሌ እወጣለሁ።”

ትንቢት የት እንዳለች ዲላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ባልና ሚስቱ ሌላ ጥያቄ አላነሡም፤ እትዬ ሀዲጃ ብቻ “ሰላም በልልን” አሉት።

መናኸሪያ ሲደርስ የቡሌው መኪና ለመሙላት ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ከመግባቱ በፊት ጥግ ይዞ ለአቶ ዳምጠው ደወለ።

“አባባ፣ የእሑዱን ጉዞ ተዉት።”

“ምን ማለትህ ነው? ሰዎቹን ለምኜ፣ ቀን አስቆርጬ?”

“አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔው ራሴ ልሄድ ነው። አሁን።”

“ብቻህን? አንተ ልጅ፣ ትዳር ቀልድ አይደለም። እኛ ከሄድን ትመጣለች። እምቢ ማለት አትችልማ።”

“አውቃለሁ። እናንተን እምቢ ማለት አትችልም። እኔን ግን ትችላለች።”

 ከኋላ የመኪናው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

“እምቢ ብትልስ?” አሉ አቶ ዳምጠው።

ቦና ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ሲፈራው ነው የመጣው። አሁንም ፈራው። 

“ያኔ እሰማታለሁ፣ አባባ። የምሄደው ልጠይቃት ነው” አለና ስልኩን ዘጋ።

ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና የአንድ ሰው ሒሳብ እስከ ቡሌ ከፈለ። ለመመለሻ የስንት ሰው እንደሚከፍል አላወቀም።